መቶ ሰማንያ ጠዋት

ባሕሩ ጥሎት የሄደ ከተማ ነው ሞይናቅ፣
መርከብ አሸዋ ላይ ዝጎ የሚደርቅ።
ሳፓርኒያዝ የመጣው በሚያዝያ ነው፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣
ደም የነካው መሐረብ ከእጅጌው ጫፍ ተርፎ።
ሳንባ ነቀርሳ፤ ያውም መድኃኒት የለመደ፣
የፊተኛውን ኪኒን ሁሉ ንቆ የሄደ።
ሐኪሟ ጻፈች፦ ካናማይሲን፣ በቀን አንድ ግራም፣
ስድስት ወር ሙሉ፤ ሌላ መንገድ የለም።

የወጋሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ፣
እሱ ወደ መስኮት ዞሮ መርከቦቹን ሲያይ።
በየወሩ ጆሮው ይለካ ይል ነበር ወረቀቱ፤
መለኪያው ግን ኑኩስ ቀረ፣ ተሰብሮ ባትሪ ቤቱ።

በሁለተኛው ወር "ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ተወ" አለኝ፣
"ምነው፣ ውሃም ይደክመዋል?" ብሎ ሳቀብኝ።
በሦስተኛው፣ የልጅ ልጁ ቢቢናዝ ከበር ቆማ ስትጠራው፣
አፍ አፏን ነበር የሚያየው።
እኔም አየሁ። አየሁና መርፌዬን ሞላሁ፤
"ሳንባው ይቅደም" አልኩ፣ "ለጆሮው እደርሳለሁ።"

ቀጭን ድምፅ ነው አስቀድሞ የሚወጣ፣ እንደ እንግዳ፣
ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሳይሰናበት፣ በጓዳ።
በምትኩ አንድ ጭውታ ገባ፤ ሌሊት መብራት ሲጠፋ፣
ነፋስ የስልክ ሽቦ ላይ እንደሚነፋ።

ከዚያ መሬቱ ተነሣ።
ግድግዳ ይዞ፣ እግሩን ከፍቶ፣
ኮሪደሩን ይሻገራል፣ ማንም ያልሰማውን ማዕበል ሰምቶ።
ሠላሳ ዓመት ጀልባ ላይ ወድቆ አያውቅም ነበር፤
ባሕር በሌለበት ወደቀ፣ በደረቅ ምድር።
"ተመለሰ!" አለኝ ጮኾ፣ (ድምፅ መመጠን ረስቷል)
"ባሕሩ ተመለሰ፤ ከእግሬ ሥር ይሰማኛል።"

በጥቅምት አክታው ጠራ። "ድኗል" ብለን ጻፍን፣ ማኅተም መታን፤
ቅጹ ላይ ለጆሮ የሚሆን ቦታ አጣን።
የሸኘሁት ቀን፣ ቢቢናዝ በግራው፣ ምርኩዝ በቀኝ፣
ሁለት እጄን ይዞ አመሰገነኝ።
ድምፁ ኮሪደሩን አልፎ ግቢውን ሞላ፤
"ይቅርታ" አልኩት፣ በቀጭን ድምፄ፣ ከጭምብሌ ኋላ።

ራሱን ነቀነቀ።
"አዎን" አለ፣ "ነፋሱ ጥሩ ነው። ጀልባ ያስወጣል ዛሬ።"