አባ ወፍጮ

ከሰርቦ ስንነሳ ጨለማው አልለቀቀም፤
ሚኒባሱ ሞልቷል፣ ሹፌሩ አልጠገበም።
"ጅማ፣ አንድ ሰው ቀረው!" ረዳቱ ሲጣራ፣
አራት ሰው አስገባ፣ ከነዶሮው ጋራ።

ጭኔ ላይ ፌስታል፤ ውስጡ ያለው ግላስ፣
እናቴ የጠለፈችው ለወንድሜ ፈረስ።
"ዘንድሮ እሰለፋለሁ" ብሎ ደውሎላት፣
ቀይ ክርና ቢጫ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሳት።

ቦዬ ላይ ጭጋግ ነው፣ ውሃው አይታይም፤
ጉማሬ አለ ይላሉ፤ እኔ አይቼ አላውቅም።

ጅማ ስንገባማ!
ሰው ከየት ፈለቀ? ከሰቃ፣ ከዴዶ፣
ከአጋሮ፣ ከማና፣ ሌሊቱን ነጉዶ፤
ባጃጅ ፊኛ ታጥቆ፣ ልጅ ትከሻ ላይ ወጥቶ፣
አንዱ ጫማው ተረግጦ፣ የረገጠው ተቆጥቶ።
በየሱቁ ደጃፍ፣ ባለሦስት እግር በርጩማ፣
ተቀምጦ ይጠብቃል ሽማግሌው ጅማ።

ነዚፍን አገኘሁት ሂርማታ ዳር ቆሞ፣
ዳማውን በሳሙና ሲያጥብ ደጋግሞ።
ጎኑ ላይ የጋሪው እንጨት የላጠው ጠባሳ
ግላሱ ጣል ሲልበት ተሸፈነ፣ ተረሳ።
ዳማው ዞሮ ራሱን አየ፤ "ይሄ የማነው?" ያለ መሰለኝ፤
እኔንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኩራት ነካ አደረገኝ።

ሰልፉ ሽቅብ ወደ ጂረን።
ፊት ፊት የሀብታም ፈረሶች፣ በጎን በጎን የሚረግጡ፣
ልጓማቸው የሚያበራ፣ ሰው ሲያጨበጭብ የሚቀብጡ።
ወንድሜ ከሁሉ ኋላ፣ ከባጃጆቹ ጥቂት ቀደም ብሎ፣
የጎረቤቱን ኮት ለብሶ፣ ረጅም እጅጌውን ጠቅልሎ።
"በዚህ አገር ድሮ፣" ይላል ድምፅ ማጉያው፣ "በዚህ አገር ድሮ፣
ጌታው በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው፣ ተከብሮ!
አባ እንዲህ! አባ እንዲያ!"
እኔ በዳር በዳር እሮጣለሁ፣ ፌስታሌን ታቅፌ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ
ዳማው ቆመ።

ቀጥ አለ።
ነዚፍ ተረከዙን ጎኑ ላይ መታ፤ የለም።
ለመነው፤ የለም።
ሰባት ዓመት በቆሎ ያመላለሰው እዚህች ደፍ ድረስ ነው፤
ስድስት ኩንታል ሳይወርድለት፣
ከኋላው አንድ ጥፊ "በቃ፣ ሂድ" ሳትለው፣
የከተማ ሰልፍ ቢሆን፣ በዓል ቢሆን፣ እሱን ምን አገባው?

ፊት ያሉት ሳያውቁ ሄዱ። ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ።
ኋላ ያለው ባጃጅ ሁሉ ጡሩንባውን ነፋ።
የነዚፍ የትውስት ኮት ብብቱ ላይ ተተረተረ፤
ሰምቼዋለሁ፣ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል።
ሰው ሳቀ። እኔም መሬት መሬት አየሁ፤
ወንድሜን እንደማላውቀው።

ያኔ ከወፍጮው ውስጥ ሸሪፍ ተሸካሚው ወጣ፣
እስከ ሽፋሽፍቱ ዱቄት።
አንዴ ፈረሱን አየ፣ አንዴ ሰውን፤
ምንም አልተናገረም።
ከፈረሱ ኋላ ዞሮ፣ ከሌለው ጋሪ ላይ
የሌለውን ጆንያ ወደ ትከሻው ሳበ፣
ጎንበስ ብሎ፣ እያቃሰተ፣ ደፉ ላይ አወረደ።
"አንድ!" አለ።
ሁለተኛውን ሲያወርድ አንድ ልጅ አብሮት ቆጠረ፤
በሦስተኛው በርጩማ ላይ ያሉት ሽማግሎች፤
በአራተኛው መንገዱ፤
"ስድስት!" ሲል ጅማ ነው የጮኸው።
ሸሪፍ ላቡን ጠረገ፣ እውነተኛ ላብ፣
ዳማውን ከኋላው ቸብ አደረገው።

ሄደ!
ሽቅብ፣ ቃጭሉን እያንቃጨለ፣
እናቴ በጠለፈችው ላይ
የነጭ ዱቄት መዳፍ፣ አምስት ጣት፣ ታትሞበት።

ጂረን ላይ፣ ከቤተ መንግሥቱ የእንጨት ሰገነት ሥር፣
ለፋፊው ገና ስሙን ሳይጠይቅ
ሰው ቀድሞ ነገረው፦ "አባ ወፍጮ!"
ነዚፍ መጀመሪያ ተናደደ፤
ቀጥሎ እጁን አነሳ፣
የተቀደደው ብብቱ እስኪታይ።

ማታ፣ ወደ ሰርቦ።
"አንድ ሰው ቀረው!" ይላል ያው ረዳት።
ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰው
ለጎረቤቱ ያወራል፦ "ፈረሱ ነጭ ነው፣ አምባላይ፤
ዐስር ኩንታል ነው ያራገፉለት፣ ወላሂ፣ በዓይኔ አይቻለሁ!"
ግላሱ ጭኔ ላይ ነው፣ ዱቄቱ እንዳይረግፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ።
ቦዬ እስክንደርስ ታገስኩ።
ከዚያ ትከሻውን ነካ አድርጌ፣
"ስድስት ነው" አልኩት።