ውሃ የሚያነሳ ነገር

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ሚሊከን ፓርክ ሲነጋጋ፣
ማሽኔን እንደ ሕፃን አዝዬ ቅጠል ስነዳ በነፋስ አለንጋ፣
ይመጣሉ የስካርቦሮ ሽማግሎች፣ በሰሜኑ በር፣
ጃኬት በጃኬት ደርበው፣ ቴርሞስ አንጠልጥለው በክር።

ኩሬው ዳር ይሰለፋሉ፤ ሰማንያን የነኩ አሉ፤
እጃቸውን ከውሃ እንደሚወጣ ጨርቅ ቀስ አርገው ያነሳሉ።
ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ ባለ ቀይ ማራገቢያዎቹ አሉ፤
ሃያው ማራገቢያ ባንዴ "ጠሽ" ሲል ዝይዎቹ ይበረግጋሉ።
አንዱ ጀርባውን በሜፕል ግንድ ይደልቃል፣ ዷ፣ ዷ፣ ሳይታክት፤
አንዷ እያጨበጨበች ትዞራለች፣ ሰባት ዙር፣ ያለ ስሕተት።
አቶ ፉንግ የኋሊት ይሄዳሉ፣ ተረከዛቸው ወደፊት፤
"ይወድቃሉ!" ብዬ ጮኼ ነበር የመጀመሪያ ዕለት።
ስምንት ዓመት ሆነው። የወደቅሁት እኔ ነኝ፣ አምና፣ በበረዶ፤
ያነሱኝም እሳቸው፣ የኋሊት መጥተው ከማዶ።

በማሽኔ ግን ተጣልተናል፤ አልዋሽም።
ወይዘሮ ዪክ፣ ቁመታቸው ከክርኔ አያልፍም፣
ከሰልፉ ወጥተው ፊቴ ቆሙ፤ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው
ጩኸቱን ከጀርባዬ አወረዱት፣ በባዶ እጅ፣ አቀፉና
ሣሩ ላይ አስተኙት። አጠፋሁ። ምን ልበል? ዝም አልኩና
ከዚያ ወዲህ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል በመጥረጊያ ነው የምሠራ፤
"ቆመህ አትዋል" ይላል አለቃዬ። መቆም ስንት እንዳለው ሥራ
አላየ።

አቶ ላው ከሰልፉ የሉም። ባዶ የዘይት ጀሪካን ውሃ ሞልተው፣
የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ ስፖንጅ አስረው፣
አስፋልቱ ላይ ይጽፋሉ። መስመሩ ሳያልቅ መነሻው ይጠፋል፤
ስፖንጁ ይነከራል፤ ደግሞ ይጽፋል።
ማንበቢያ ጊዜ ለማይሰጥ ወረቀት
ማን እንዲህ ይደክማል፣ በስተርጅና፣ በዚህ ብርድ፣ በጧት?
"ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ" ብዬ ስቄባቸዋለሁ፣ በልቤ፤
በጥቅምት አንድ ማክሰኞ እንጨቱን ሲሰጡኝ ግን ጠፋኝ ቀልቤ።

ምን ልጻፍ? ዓይን በዛብኝ፤ ፊደል ሁሉ ከራሴ ጠፋ።
አንዲት ዝይ አየሁ፣ ከሣሩ ዳር፣ በአንድ እግሯ ስታንቀላፋ፤
"ዝይ" ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ፊደል፤ አንዱ ጎበጠ፣ አንዱ ፈሰሰ።
በከንፈሬ ወፏን ጠቆምኩ። ሲገባቸው ፊታቸው በሳቅ ፈረሰ፤
ከጎኗ የራሳቸውን ዝይ ጻፉ፣ ጭረት በጭረት፣ ላባ በላባ፤
የኔዋ ጫጩት መሰለች፣ ከክንፏ ሥር ልትገባ።

ፀሐይ ወጣች። የኔ ቀድማ ደረቀች፣ ቀጭን ነበረች።
የምሯ ዝይ ነቃች፤ በሳቸው ጽሑፍ ላይ ረግጣ አለፈች፤
በረጠበ እግሯ፣ ሦስት ጣት፣ ሦስት ጣት፣ እስከ ኩሬው ጻፈች።
አቶ ላው አጎነበሱ፣ አነበቡ። ምን እንደሚል አልጠየቅሁም።
አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል። ማሽኔን አዝዬዋለሁ፤ አላስነሳሁትም።
አለቃዬ አሁን ቢደርስ፣ ምክንያቴ ውሃ አያነሳም፤
የአቶ ላው ስፖንጅ ግን
አነሳ።