ምስማሩ

ከአዳማ መውጫ ላይ፣ በወለንጪቲ በር፣
አሮጌ ጎማ ደርድሬ፣ ሠርቻለሁ አጥር፤
ከጀርባዬ ኮረብታው ላይ፣ ሳይደክም የሚዞር
ባለ ሦስት ክንፍ ተርባይን፣ ነፋሱን ሲመትር።
የሚያውቁኝ "አስር አለቃ"፣ የማያውቁኝ "ጎማው!"
ይሉኛል፤ ሁለቱንም፣ እንደ ስሜ ነው የምሰማው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አቧራው ሲነሣ፣
ተሳቢ መኪና ቆመ፣ የኋላ እግሩ አንካሳ።
ወረደ ሾፌሩ፣ ጢሙን ሂና አቅልቶት፣
ጎማውን በእርግጫ፣ አንዴ ሰላም ብሎት።
ስሙ ወርሰሜ ነው። "ጅጅጋ ነው ቤቴ፣
እትብቷ ግን ከባይዶዋ ወዲያ ነው፣ የእናቴ።"

ክሪኩ እጄ ላይ ከበደኝ።
ያቺን አገር አውቃታለሁ፤ በእግሬ ነው የለካኋት፣
ቀን ጠመንጃ ታቅፌ፣ ሌት ፈርቼ ያደርኩባት።
ነገርኩት። ለምን እንጃ። አፌ አመለጠኝ።
እሱም ብሎን እየፈታ፣ ቀና ሳይል አዳመጠኝ፤
ስለ ሦስቱ ግራሮች፣ ከጉድጓዱ ራስ ስላሉት፣
ካርታችን ላይ መንደሯን፣ አታሚዎች ስለረሱት።
እኔ "አሸባሪ" ስላቸው፣ እሱ በስማቸው ጠራቸው፤
ሁለቱን ልጅ እያለ፣ ግመል ሲያጠጡ ነው የሚያውቃቸው።

"ስትመጡ" አለ ቆይቶ፣ "ስምንት ብቻ ነበሩ፤
ሬዲዮ የሚሰብሩ፣ ገበያ በጅራፍ የሚያባርሩ።
የአጎቴ ልጅ ሂርሲ፣ ሲያያቸው ይስቅ ነበር፣
'ጢም እንኳ ያላበቀሉ!' እያለ በየሰፈር።
ከዚያ ሞርታር ወደቀ፣ ሚስቱ ልብስ ስታሰጣ።
እናንተ 'ከነሱ' አላችሁ፤ እነሱ 'ከናንተ ነው የመጣ'።
ማን እንደተኮሰው ዛሬም፣ አንድም ሰው አላመነ፤
ሂርሲ ከቀብሯ መልስ፣ ዘጠነኛቸው ሆነ።"

"ታዲያ ባንመጣ ይሻላል?" ብዬ ጠየቅሁት በእልህ።
ሳቀ። "ቆይ እንጂ" አለ፣ "ገና አልጨረስኩልህ።
የሄዳችሁ ዕለት ሌሊት፣ ውሻ እንኳ ሳይጮህ ገቡ፣
ስም በወረቀት ይዘው፣ በባትሪ እያነበቡ።
አክስቴ ኡባህ ለናንተ፣ ወተት ትሸጥ ነበር።
ለሦስት ሊትር ወተት..." ብሎኖቹን ይቆጥር ጀመር።

"ጄሪካኗ" አልኩት፣ "ቢጫ ነበር?"
"የሁሉም ቢጫ ነው" አለኝ።

ዝም አልን። ባጃጅ አለፈ፣ ሙዚቃውን እየጎተተ።

ኋላ ምስማሩን አገኘሁት፤ ጣት ያህላል፣ ዝገት የበላው።
"እየው" አልኩት፣ "ከመተሃራ አብሮህ ነው የመጣው።
የወጋውን ቀዳዳ፣ ራሱ ነው የደፈነው፤
መንገድ ላይ ብትነቅለው፣ ትንፋሹ እልም ነው።
ብትተወውም ሞጆን፣ አታያት ነበር በዓይንህ፤
ሽቦውን እየበላ፣ ገደል ነው የሚከትህ።
ነቃይማ ሞልቷል፤ ፒንሳ ያለው ሁሉ ይነቅላል።
ማስቲሹስ? ላስቲኩስ? መንፊያውን ማን ይዞ ይመጣል?
እኛም ፒንሳ ነበርን። 'ትምህርት ቤቱ፣ ዳኛው፣ ሌላ ሌላ
ይደርሳል' ተብለን ሁለት ክረምት ጠበቅን፤ ጠበቅን ከዚያም በኋላ።"

ወርሰሜ ምስማሩን፣ መዳፉ ላይ አገላበጠ፤
"ፒንሳ ነን ስትል" አለና፣ ዓይኔ ላይ አፈጠጠ፣
"ምስማሩ እናንተ ብትሆኑስ?"

መልስ አልነበረኝም።
መልስ ያላቸው ሰዎች ጎማ አይጠግኑም።

ቀዳዳውን ሞረድኩት፤ ላስቲኩን ለጥፌ በመዶሻ መታሁት፣
ከመነዳሪውን ነፍቼ፣ ከበርሜሉ ውሃ አጠለቅሁት።
ጎንበስ አልን ሁለታችን፣
አንድ ቀይ ጢም፣ አንድ ሽበት፣ በአንድ በርሜል ውሃ ላይ።
የለጠፍኩበት ደህና ነው። ትንፍሽ አላለም።
ከዚያ፣ አንድ ስንዝር ፈንጠር ብሎ፣
ምስማሩ ካልደረሰበት፣
አንዲት አረፋ ወጣች።
ቆየች።
ሌላዋ ተከተለች።