ብዙ ጊዜ

ሳልሚያ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ከባሕር ዳሩ መንገድ ማዶ፣
ውጭው የእሳት ወላፈን፣ ክፍሉ ውስጥ ግን በረዶ።
ማዳም ወረቀት ይዛለች፣ እስክሪብቶዋን ነክሳ፣
አንድ መስመር ታነብና ታየኛለች መልሳ።
«የጀመረውን ይጨርሳል? ዕቃውስ ይጠፋዋል?»
እሷ ባንክ ነው የምትውል፤ ልጇን የኔ ዓይን ያውቀዋል።
ሣጥኖቹ አራት ናቸው፦ «ፈጽሞ»፣ ቀጥሎ «አንዳንዴ»፣
«ብዙ ጊዜ»፣ «ሁልጊዜ»፤ ልጅ በሣጥን ይሰፈራል እንዴ?

ሚሻሪ ከወንበሩ ወርዶ መጋረጃው ውስጥ ገብቷል፣
የዓሣውን መስታወት አንኳኩቶ ሚዛኑ ላይ ሦስቴ ወጥቷል።
ሐኪሙ አይቆጣውም፤ በዓይኑ ብቻ ይከተለዋል፣
ወፍ እንዳይበርርበት እንደፈራ ሰው፣ ቀስ ብሎ ይጽፈዋል።

እኔም ተናገርኩ፦
አንድ ጫማ አድርጎ ይወርዳል፣ ሌላውን ደረጃ ላይ ትቶ፣
አውቶቡሱ ጥሩምባ ይነፋል፣ እሱ ቆሟል ጉንዳን አይቶ።
ከሩዙ ሦስት ጉርሻ በልቶ አራተኛው ላይ ይነሳል፣
ሒሳቡን ከኔ ቀድሞ ያውቃል፤ ደብተሩን ግን ይረሳል።
ይቅርታ ይላል፣ ያለቅሳል፤ ከልቡ ነው፣ እምላለሁ፣
ነገም ያንኑ ይሰብራል፤ እኔም ያንኑ እጠርጋለሁ።

«ብዙ ጊዜ» ላይ ማዳም፣ እጇ ከብዷት፣ ምልክት አኖረች።
«ዓይን ነው» ብላ አያቱ ስንቴ ውኃ ላይ ቀርታ አጠጣች።
አጎቱ «ቅብጠት» ብሎታል፣ መምህሯ «አስቸጋሪ»፣
ሐኪሙ ግን ጎንበስ ብሎ፦ «ምን ትወዳለህ፣ ሚሻሪ?»
«ሊፍት!» አለ።
ሦስታችንም ሳቅን።
ዳላል አልሳቀችም።

ዳላል።
ከበሩ ጥግ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ጭማቂዋ በእጇ ሞቆ፣
ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ተሰክቶ፣ እሷ ግን ከዚያም ርቆ።
«እሷስ ጨዋ ናት» ይላሉ፤ አትሰብርም፣ አትሮጥም፣
መጽሐፏን ዘርግታ ትውላለች፤ ገጹን ግን አትገልጥም።
ጸጥ ላለች ልጅ ቅጽ የሚያመጣ የለም።

እኔም እንዲያ ነበርኩ፤ ሐርቡ፣ አራተኛ ክፍል ሳለሁ።
መምህሩ «ፈዛዛ» አሉኝ፤ ስሜ ሆኖ ቀረ፣
ጨው ተልኬ ክብሪት ይዤ መምጣቴ ሠርግ ላይ ሳይቀር ተነገረ።
ሰባተኛ ክፍል ሁለቴ ወደቅኩ። ከዚያ ፓስፖርት፣ ከዚያ ኩዌት።
እዚህም ካውያ እንደጋለ፣ ሽንኩርት ምድጃ ላይ ትቼ፣
ከደሞዝ ተቆርጦብኝ ስንት ሌት አደርኩ ራሴን ረግሜ ተኝቼ።

ሐኪሙ ወረቀቱን አጠፈ፤ «አንድ ቀን አይበቃም» አለ፣
«የመምህሯም ቅጽ ይምጣ፤ ጆሮው ይመርመር፣ እንቅልፉ ይታይ፣ ሌላም ሰበብ ካለ።»
ማዳም ቦርሳዋን አነሣች።
እኔ እጄን አነሣሁ፣
ክፍል ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አንሥቼው የማላውቀውን እጅ።
«ዶክተር» አልኩ በተሰባበረ ዓረብኛዬ፣
«ሌላ ወረቀት አለ?
ለዳላል።»

ማዳም ዞረች። ፊቷን ማንበብ አልቻልኩም።
ሐኪሙ መሳቢያውን ሳበ። ልጅቷን ሁለቴ ጠራት፤
በሦስተኛው ቀና አለች።

የሰጠኝ ወረቀት ድርብ ነበር፣ ተጣብቆ።
ትርፉን ማንም አልጠየቀኝም፤ አጥፌ በኪሴ ከተትኩት።
ሊፍቱ ውስጥ ሚሻሪ ቁልፎቹን በሙሉ ተጫነ፤
በየፎቁ ቆምን።
በሩ ሲከፈት አንድ ቃል፣ ሲዘጋ አንድ ቃል፣
ዓረብኛውን እየፈደልኩ አነበብኩ።
ምድር ስንደርስ ገና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነበርኩ።