አልተገኘም

ሰኔ ገብቶ፣ ቦርከና ሲደፈርስ፣
የሚስተር ራጋቫን የሥራ ፈቃድ ዘመኑ ሲደርስ፣
ቅጹን የምሞላው እኔ ነኝ፤
ሰባት ዓመት በዚህ ወንበር፣ የፋብሪካው ሰው «አስተዳደር» ብሎ የሚጠራኝ።
ሦስት ጉርድ ፎቶ፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ የጤና ምርመራ፣
ከኮይምባቶር አብሮት የመጣ፣ ጥጉ የተበላ ዲግሪው፣ ከትርጉሙ ጋራ።

ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ አንዲት ጥያቄ አለች፣
ከሌሎቹ ሁሉ አጠር ያለች፦
«ለዚህ የሥራ መደብ ዜጋ ስለምን ታጣ?»
መልሴ አይቀየርም፣ ዓመት ሄዶ ዓመት ቢመጣ፦
«ተፈልጎ አልተገኘም» እላለሁ፣
ማህተሜን አሳርፋለሁ።

አራት ጊዜ ጻፍኩት።
የመጀመሪያውን እውነት ነበር፣ አምኜ ፈረምኩት።
ሁለተኛው ላይ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤
ሦስተኛው የደመወዝ ቀን ነበር፣ ቶሎ ብዬ አለፍኩ።
አራተኛውን ተዉት።

ከመስታወቱ ማዶ፣ ከማቅለሚያው ክፍል፣ በእንፋሎቱ መሐል፣
አንሻ ሙሄ ቆማለች፤ ከሩቅ ጋውኗ ይታወቃል።
የገራዶ ልጅ ናት። ገንዳው ገና ሳይፈላ፣
ማሽኑ ቀይ ሳያበራ፣ ታውቃለች ጨው ሲያንስ፣ ሙቀት ሲላላ።
ራጋቫንም ያውቃል። አንድ ቀን ናሙና ጨርቅ በመስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ፣
«የሷ ዓይን ከኔ ዓይን በለጠ» አለኝ፣ በሰባራ አማርኛው፣ አንገቱን ደፍቶ።

ክፉ ሰው አይደለም፤
ደብተሩን ከፍቶ ያስተምራል፣ የደበቃት ነገር የለም።
ሁለት ሴት ልጆች አሉት፣ የትምህርት ቤት ክፍያቸው
በእኔ አንድ መስመር ላይ የቆመ ነው።
ሕጉ «ምትክህን አብቃ» ይለዋል፤
ምትኩ የበቃች ዕለት፣ የሱ እንጀራ ያበቃል።

ዘንድሮ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ስደርስ፣ ብዕሬን ጠርዙ ላይ አስተኛሁት፤
እጄን «ዛሬስ ያየሽውን ጻፊ» አልኩት።
«ተገኝታለች» ልል፣ ስሟን ከነአባቷ ልጽፍ፣
ብዕሩን ሳነሳ፣ በሩ ተንኳኳ በጣት ጫፍ።

አንሻ ናት። እጇ እስከ አንጓው ሰማያዊ፤
ወረቀት በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣
«እትዬ፣ የሥራ ልምድ ጻፊልኝ» አለች፣ ቀለል ብላ።
«ለየት?»
«ለጀርመን። ተቀብለውኛል፤ ቀለም ቤት ነው። ውሉ ደርሷል።»
ወረቀቱን ዘረጋችው፦ «ከፍተኛ ሙያ ያላት የውጭ አገር ዜጋ» ይላል።
የውጭ አገር ዜጋ! አንሻ!
ደሴ ደርሳ ስትመለስ፣ ሐረጎን ስትወርድ የሚያዞራት፣
ሎሚ ሳትይዝ ታክሲ የማይሆንላት!

ጣቷን እያስኬደች ተረጎመችልኝ፣ እስከ ታች፤
እዚያም ያቺው ጥያቄ አለች።
ቁጥሯ ሌላ፣ ፊደሏ ሌላ፣ ነገሯ ግን ያው፦
«ከእኛ ዜጋ ለምን ሰው ታጣ?» ነው።
ከሥሯም አንድ ሰው፣ በተስተካከለ ጽሕፈት፣
«ተፈልጎ አልተገኘም» ብሎ ሞልቶበት።

የማን እጅ ነው? መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣
ሻይዋ የቀዘቀዘባት፣ እንደኔ አስተዳደር የሆነች?
እሷስ ስትጽፍ ጉሮሮዋን ጠርጋ ይሆን?
ከመስታወቷ ማዶ የምታየው ማንን ይሆን?
አልጠየቅኩም።

የአንሻን ደብዳቤ ጻፍኩ፣ አንድ ሙሉ ገጽ፣ ሳልቆጥብ፤
ለአለቆቿ ያልነገርኩትን ሁሉ፣ ለማያውቋት ሰዎች፣ በመስመር በመስመር ሳስነብብ።
አንድ ማህተም፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ቀትር፤
እሷ ስትወጣ ተመለስኩ ወደ ቁጥር ዘጠኝ መስመር።
«አልተገኘም» አልኩ። እጄ ዘንድሮ አልከበደውም፤
ውሸቴ እውነት ሊሆን ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፣ ከዚያ አይበልጥም።

ማህተሙ ሳይደርቅ ራጋቫን በሩ ላይ ቆመ፤
ፈቃዱን አልጠየቀም፤ አልመሰለውም እንደተፈረመ።
እርጥብ ናሙና በክንዱ ይዞ፣ ዓይኑን ከኔ ወደ ኮሪደሩ እያዞረ፣
«አንሻን አየሻት?» አለኝ። «ይኼን ቀለም እሷ ትየው፣
እኔን ግራ ገብቶኝ ነበረ።»