ዓይኔ እሑድ አያውቅም

እሑድ ነው። አሞራ ገደል ዓሣው ይጠበሳል፣
አባ ኮዳ ቆሞ የሰው እጅ ያያል።
በረከች መጣችና፣ "ተነሺ" አለች፣ "በነጻ ነው አሉ፤
የህንድ ዕቃ መጥቷል፤ መጽሐፉ፣ ሥዕሉ፣ ጨርቁ በሙሉ።"
"ተይኝ" አልኳት፣ "ስድስት ቀን ህንድ አይቻለሁ፤
ሰባተኛውን ቀን ለምን እደግማለሁ?"

ሄድኩ ግን።
ባጃጁ ከአዳራሹ ደጅ አራግፎን ዞረ፤
ጫማዬ ወለሉ ላይ ሲጮህ ልቤ አብሮ አፈረ።

መጀመሪያ ያየሁት ቅጠል ነው። የዘንባባ ቅጠል፣
እንደ ማስመሪያ ረዝሞ፣ ቢተነፍሱበት የሚሰበር የሚመስል፤
በሹል ብረት ተጭሮ፣ ጥላሸት ጠጥቶ፣
መሐሉን ተበስቶ፣ በአንድ ሲባጎ ተሰክቶ።
እኛ በሆሳዕና ቀለበት ስንሠራው፣
በግንባራችን አስረን በማግስቱ ስንጥለው፣
ለካስ ከባሕር ማዶ አንዱ ጎንበስ ብሎ
ያንኑ ቅጠል ዘርግቶ፣ ጉልበቱ ላይ አውሎ
ፊደል ሲያርስበት ኖሯል፤
ክብ ክቡን፣ እንደ ፈሰሰ ሽንብራ።
"ምን ይል ይሆን?" አለች በረከች።
"ዕዳ ይሆናል" አልኳት፣
"ሰው ሌላ ምን ይጽፋል እንዲህ ተጠንቅቆ?"

ከዚያ ሥዕል፤ መዳፍ የማይሞላ።
አንድ ንጉሥ ብቻውን ጽጌረዳ ያሸታል፤
"ሥራ የለውም እንዴ?" ሳቃችን አመለጠን፤
ዘበኛው አቶ ላሊሞ በዓይኑ ገሠጸን።
ከንጉሡ ጀርባ ግን ዝናብ ነበር፤
ቀጭን፣ ነጭ፣ ከመርፌ ዓይን የወጣ የሚመስል፣
አንዲት ሴትም ልብሷን ሰብስባ
ባንድ እግሯ ትዘላለች፣ ጭቃውን ልትሻገር።
ንጉሡን ትቼ እሷን አየሁ። ሳታርፍ ቀረች።

ጨርቁ ጋ ስደርስ ዓይኔ ሥራ ገባ።
ዓይኔ እሑድ አያውቅም፤
በቀን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኮሌታ የሚያልፍበት ዓይን ነው፤
ከዳር ጀመረ፣ ወደ ዘርፉ ወረደ፣ ክር በክር ቆጠረው፣
አገኘውም።

ከጣዎሱ እግር ሥር፣ ከቀዩ ጥግ በኩል
አንዲት አበባ ተንሸራታ ሁለቴ ታትማለች፤
አጠገቧ የአውራ ጣት አሻራ፣ ሰማያዊ።
እጁን ሳይታጠብ ነው፤
ምናልባት ርቦት፣ ምናልባት ልጁ ከጓሮ ጠርታው።
የኛ ቤት ቢሆን ይሄ ቀይ ወረቀት ይለጠፍበታል፤
ከጋሪው ይጣላል፤ ከደሞዝ ይቆረጣል፤
እዚህ ግን መብራት በርቶለታል፣
ዘበኛ ቆሞለታል።

ዞር ስል፣ ሚስተር ሱብራማኒ!
ባጅ የለው፣ ሰዓቱን አያይ፤
ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ግንባሩን መስታወት ላይ
ለጥፎ፣ ትንፋሹ ጉም ሠርቶ።
"ኖ፣ ኖ፣ ወንድም! መጠጋት አይቻልም!" አቶ ላሊሞ ጮኸ፤
ሱፐርቫይዘራችን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንደ ተማሪ፣
"ይቅርታ" አለ።
ይቅርታ ማለት ይችል ኖሯል!
እኛ የምናውቅለት አማርኛ "ቶሎ በሉ" ነበር።

አየን። ምን እንደሚያደርግ ጠፋው፤
ጨርቁን ጠቆመ፣ "እናቴ" አለ፣ በግማሽ ቋንቋ፣
ወደ ጣሪያው አየ፣ ከወጋግራ የሚታሠር ነገር አሠረ በእጁ፣
ከዚያ ባዶውን አየር ቀስ አድርጎ ወዘወዘው፤
ወዲያ፣ ወዲህ፣
ውስጡ ሕፃን እንዳለ።
በረከች ያለ ወትሮዋ ዝም አለች።

አሻራውን ላሳየው አልኩና ተውኩት።
እንደ ሞኝ በጥላዬ ልሸፍነውም ሞከርኩ፤
ለካስ የሱም ዓይን እንደ ዓይኔ ነው፤
አይቶት ይሆናል። አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ መስመር አሥራ አራት፤ "ቶሎ በሉ" አለ፤ ቶሎ አልን።
ማሽኑ ዘይት ተፋ፣ አውራ ጣቴን ነካው፤
ፊቴ ነጭ ኮሌታ ነበር፣ ሰባት መቶ ስንተኛው እንጃ፤
ጣቴ ትንሽ ቆየ በላዩ ላይ፣ ሳያርፍ፤
ከዚያ ጋውኔ ላይ ጠረግኩት።
ሦስቴ ታጠበ። አለ።