ታኮ

በጨረታ ነው የገዛሁት፣ እርግብ ጎጆ ሠርታበት፣
የአዳማ ነፋስ አሸዋውን ሞተሩ ውስጥ ዘርቶበት፣
ስድስት እግሩ መሬት ገብቶ፣ ወንበሩን አይጥ በልቶበት።
«በኪሎ ነው የሚሸጠው፣» አለኝ ቁርጥራጭ ገዢው፣
«ኦራል ዛሬ ብረት እንጂ መኪና የሚለው ማነው?»

ቤንዚኑን አትጠይቁኝ።
ሠርግ ቤት እንደ ገባ ዘመድ፣ በቃኝ ማለት መች ያውቃል፤
ከቤቴ እስከ ፖስታ ቤት የሳምንት ቀለብ ያቃጥላል።
ሎሚ፣ ሚስቴ፣ በመስኮት አይታ፣
«ላም ብትሆን ወተት ነበራት፣» ትላለች በሩን ዘግታ።

እኔ ከሥሩ ነኝ፤ ጆንያ ነው ፍራሼ፣
የባሌስትራውን ብሎን ስፈታ፣ ሃያ ሁለት ቁልፍ በጥርሴ ነክሼ።
መለዋወጫ ፍለጋ ሞጆ ወጣሁ፣ መተሐራ ወረድኩ፤
የውሃ ፖምፓውን ጓርኒሲዮን ከሎሚ ጫማ ካርቶን ቆረጥኩ
(እሷ እንዳትሰማ!)፣ ጫማውን ጋዜጣ ላይ አስቀመጥኩ።

ልጅ ሳለሁ ረዳት ነበርኩ፣ ባለ ተሳቢ ኤንትሬ ላይ፣ በአሰብ መንገድ፤
መኝታዬ ሸራ፣ እንጀራዬ ታኮ፣ መኪናው ሳይቆም ዘሎ መውረድ፣
ዳገት ላይ ፍሬን ሲያቃስት፣ ያንን ሦስት ማዕዘን እንጨት
ከኋላ ጎማ ሥር መወተፍ፣ ጣት ሳያስነክሱ በብረት።
ሾፌሩ «ታኮ!» ካለ፣ ዓለም ቁሚ ተባለች ማለት ነው፤
አሁንም ያ ቃል ሲጠራ፣ ከኔ ቀድሞ ጉልበቴ ነው የሚነሣው።

እሁድ እሁድ ሃምሳ አለቃ ጉርሜሳ ይመጣል፣ በከዘራ፣
በግራው በር ቀስ ብሎ ይወጣል፣ እንደሚወጣ ተራራ።
መሪውን ይይዛል፤ ቁልፉን አይነካም። ካምቢዮውን ዳሰስ፣
ዓይኑ ከመስታወቱ አልፎ፣ ከገንደ ጋራ ማዶ፣ ሌላ አገር ድረስ።
የት የት እንደ ነዳ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም አልነገረኝ።
አንዴ ብቻ፣ «ይኼ ባሌስትራ ስንት ልጅ ተሸክሟል፣» አለኝ።
«ሲሄድ ሙሉ ነው።»
ሲመለስስ? እሱን አልጨመረልኝ።

ቀለሙን ስፍቅ፣ ከአረንጓዴው ሥር ሌላ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ዝገት፤
ከዳሽቦርዱ ኪስ ክዳን በስተ ውስጥ፣ በሚስማር የተጫረ ጽሕፈት፦
«ዛሬ ሴት ልጅ ወለድኩ።» ይኸው ነው። ስም የለ፣ ቀን የለ፣ ማዕረግ የለ።
ጉርሜሳ መነጽሩን አደረገ። ሁለቴ አነበበ። «ጽሕፈቱ የኔ አይደለም፣» አለ።
ቆይቶ፣ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ፣ «እኔ ልጅ አልወለድኩም። ይችን ግን አትቀባት፤
መቼም አንድ ቦታ አድጋለች። አባቷ የጻፈላት አይጥፋባት።»

እናም ኮፈኑ አብረቀረቀ፣ ስድስቱ ቸርኬ ጥቁር ተቀባ፤
አንዲት የመዳፍ ስፋት ዝገት ብቻ፣ ለዚያች ልጅ ብለን፣ ብሩሽ አልገባ።

ዛሬ ጠዋት ሞተሪኖው አቃሰተ፣ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ሦስተኛው ላይ ተነሣ፤
እርግቦቹ ከቆርቆሮው በረሩ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ፣ ቁርጥራጭ ገዢው ሚዛኑን ረሳ።
ሎሚ እንኳ ወጣች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ («ለጭሱ ነው» ትላለች)፣
ከኋላ፣ ከጭነቱ ቦታ፣ በርጩማ አስጭና ተቀምጣለች።

ዳገቱን ያዝነው፣ ነጫጭ የነፋስ መዘውሮች ወደሚዞሩበት።
ጉርሜሳ ነው የሚነዳው፤ አስፋልቱ ሲያልቅ እንኳ ፊቱ ላይ ለውጥ የለበት።
አጋማሹ ላይ አቆመ። ሞተሩ ይንተከተካል፣ ራዲያተሩ ያፏጫል፤
ከታች አዳማ፣ ቆርቆሮዋን ፀሐይ እያነደደው፣ ከወንጂ በኩል የሸንኮራ ጭስ ይታያል።
አንገቱን በመስኮት አወጣ፤

«ታኮ!»

አምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ደም ግፊት አለብኝ። ሁለት የልጅ ልጅ አለኝ።
ከወንበሬ መቼ ዘለልኩ? ማን ከመሬት አገናኘኝ?
ጉልበቴን ጠይቁት። እንጨቷ ከጎማው ሥር ገባች፤
ኦራሉ ተንፍሶ ዐረፈባት፤ አንዴ ሲጥ አለች፣
ያዘች።